ያልተነገረ ሙያ

ሐዋሳ ውስጥ ለአዲስ ተመራቂዎችና ለሥራ ፈላጊዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ኢንተርቪው ምክር እንድሰጣችሁ ነው። ጫማችሁን ጥረጉ፣ ፈገግ በሉ፣ ስልካችሁን ዝጉ የሚለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። እኔ በሆቴልም በፋብሪካም የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስሠራ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ ጠያቂው ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ከዚያ በኩል አብዛኛው ሰው የሚችለውን ሳይናገር ሲወጣ ይታያል። አስተዳደጋችን ነው። በቤታችን ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ብዙ አያወራም፤ ስለ ራሱ ካወራማ ጉረኛ ይባላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው። ይሄ አመል ሽምግልና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዘመድ መሀል ያስከብራል፤ አትጣሉት። ሦስት ሰዎች የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዘው ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጡ ግን ጉዳቱ የናንተ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሞላ ባዶ ቦታ አለ፤ ጠያቂው የሚሞላው ደግሞ ከአፋችሁ የወጣውን ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ልንቀጥር ኢንተርቪው ላይ ነን። በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ ዜሮ ዓመት ልምድ ያላት ልጅ ገባች። “እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን” ስንላት እንደ ሁሉም ሰው ጀመረች፤ ስሜ እገሊት ይባላል፣ የተወለድኩት ይርጋለም ነው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርቴን የተከታተልኩት... ይሄ ሁሉ ሲቪዋ ላይ አለ፤ እኛም ፊታችን ዘርግተነዋል። የሥራ ልምድ አለሽ ወይ? “የለኝም።” ከመካከላችን አንዱ “ገንዘብ በእጅሽ ይዘሽ አታውቂም?” አላት። አንገቷን ደፍታ “እናቴ ሱቅ አለቻት፤ የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ” አለች።

እንዴት ነው የምትይዢው?

“ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው። የወሰደውን ከነቀኑ እጽፋለሁ፣ ሥሩ ይፈርማል። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት ደብተሩን ይዤ እደውላለሁ። ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት መሳቢያ ውስጥ ያለውን ብር ከተሸጠው ጋር አመሳክራለሁ።”

ሲጎድልስ?

“አንድ ቀን 340 ብር ጎደለኝ። ያኔውኑ ለእናቴ ነገርኳት። ለካ ጠዋት ለዳቦ አምጪው ከፍላ ሳትነግረኝ ቀርታ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመሳቢያው የሚወጣ ብር ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ እዚያው እንዲቀመጥ አደረግን።”

ካሸር ማለት ይሄ ነው። ገንዘብ ማመሳከር፣ ሲጎድል ሳይደብቁ ወዲያው ማሳወቅ፣ እንዳይደገም መላ ማበጀት። ልጅቷ ሦስቱንም ታውቃለች፤ የምታውቀው ነገር “ሥራ” መሆኑን ግን የነገራት ሰው የለም። ያ ባልደረባዬ ያንን አንድ ጥያቄ ባያነሳ ኖሮ “ልምድ የላትም” ብለን ሸኝተናት ነበር። ሁሉም ጠያቂ ደግሞ እንዲህ ቆፍሮ አያወጣም፤ ከሰዓት በኋላማ ደክሞት ሰዓቱን ነው የሚያየው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለ። አለታ ወንዶ አካባቢ ያደጋችሁ፣ ቡና ሲደርስ መፈልፈያ ጣቢያ ሄዳችሁ እሸት ቡና ስትመዝኑና ስትመዘግቡ የከረማችሁ እዚህ መሀል እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዕቁብ ጸሐፊ የሆናችሁ አላችሁ። የክፍል ተጠሪ ሆናችሁ ከአስተማሪ ጋር የተደራደራችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ውስጥ ሕፃናት ያስተማራችሁ አላችሁ። ስትናገሩ ነገሩ ምን እንደነበረ፣ በገዛ እጃችሁ ምን እንደሠራችሁ፣ በመጨረሻ ምን እንደተገኘ ተናገሩ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። “ታታሪ ነኝ፣ ተግባቢ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ” የሚለውን ተዉት። ኢንተርቪው ላይ ሰነፍ ነኝ ያለ ሰው አይተን ስለማናውቅ፣ ታታሪ ነኝ ያለውን ከማን ጋር እናወዳድረው?

“ድክመትህ ምንድን ነው?” ለሚለውም ያው ነው። “የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም” የምትለዋን መልስ ከበቂ በላይ ሰምተናታል። እውነተኛ የሆነች፣ ሥራውን የማታበላሽ ነገር ፈልጉና ምን እያደረጋችሁላት እንደሆነ ጨምሩ። “ኤክሴል ላይ ቀርፋፋ ነኝ፤ ማታ ማታ የጎረቤቴን ላፕቶፕ እየተዋስኩ እለማመዳለሁ” ያለ ልጅ ተቀጥሮ አይቻለሁ።

ወደ ሲቪው ልግባ፤ በተለይ እዚህ ሐዋሳ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ወረቀታችሁን የሚያነበው ሁልጊዜ የአገር ሰው አይደለም። ህንዳዊ ወይም ሲሪላንካዊ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲቪው ላይ የተመረቀበትን ዓመት 2016 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። ፈረንጁ እሱ በሚያውቀው 2016 ይወስደዋል፤ በሱ ሂሳብ ልጁ ተመርቆ ለዓመታት ቤቱ የተቀመጠ ነው። ሳይጠየቅ ይወድቃል፤ ለምን እንደወደቀም አያውቅም። የእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ ዲግሪው ላይ ከተጻፈውም ጋር ይግጠም።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። “ነገ 3:00 ኢንተርቪው አለህ” የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ በማን ሰዓት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። በፈረንጅ 3:00 ከሆነ የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ሄዶ ሲጠብቅ የዋለ ተርፏል፤ የተጎዳው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ በጠዋቱ የቀረው ነው። ፓርኩ ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ባጃጅ አገኛለሁ ብላችሁ በመጨረሻው ሰዓት አትነሱ፤ ዝናብ ከጣለ ባጃጅ የት እንደሚገባ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሲቪ ላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ ሁሉም “እንግሊዝኛ፣ በጣም ጥሩ” ይላል። ሁለት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስንጠይቀው ላብ ያጠምቀዋል። ያው ልጅ ሲዳምኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ወላይትኛም ይሰማል፤ አልጻፈውም! እዚህ ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ሱፐርቫይዘር፣ የባንክ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሲቀጠር የሰፈሩን ሰው በሰፈሩ ቋንቋ የሚያናግር ትልቅ ነገር ነው። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ዘንድማ ሲዳምኛ የሥራ ቋንቋ ነው። ጻፉት፤ እንግሊዝኛውንም በልኩ ጻፉት።

በእንግሊዝኛ ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። “ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ” ሲባል በቃል የተጠና ድርሰት የሚያነበንብ ሰው መሀል ላይ አንዲት ቃል ከጠፋችበት ሁሉም ይጠፋበታል። ጥያቄው ካልገባችሁ እንዲደግሙላችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሳይገባችሁ ሌላ ነገር መመለስ ነው የሚያስቀው።

አክብሮቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጠያቂው እኩያችሁም ቢሆን፣ አንተም ቢላችሁ፣ እናንተ “እርስዎ” በሉ። “ጋሼ”ም “ወንድሜ”ም አያስፈልግም። ቁጭ በሉ ሳይባል አለመቀመጥ ጥሩ ነው፤ ተቀመጡ ከተባለ በኋላ ግን “ኧረ ግድ የለም” እያሉ ቆሞ መከራከር ለዘመድ ቤት ይሁን።

ደመወዝ ስትጠየቁ ሁላችሁም “በድርጅቱ ስኬል መሠረት” ነው የምትሉት። ባንክ ወይም የመንግሥት ልማት ድርጅት ከሆነ ልክ ናችሁ፤ ስኬሉ የታወቀ ነው። አነስተኛ የግል ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ስኬል የለውም፤ የናንተን አፍ ነው የሚጠብቀው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚከፈለው ከተማው ውስጥ ቀድማችሁ ጠይቁና “ከዚህ እስከዚህ” ብላችሁ መልሱ። ሲነግሯችሁ ደግሞ ግሮስ (ምንም ሳይቆረጥ) ነው ወይስ ኔት (ተቆራርጦ እጅ የሚገባው) በሉ። 10,000 ብር ግሮስ ከሆነ 7 በመቶው፣ ማለትም 700 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የሥራ ግብሩ ገና ነው። ሰርቪስና ምሳ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በወር የሚያተርፋችሁ ብር ትንሽ አይደለም።

መጨረሻ ላይ “ጥያቄ አለሽ?” ሲባል “የለኝም፣ አመሰግናለሁ” ብሎ መነሳት የተለመደ ነው። ጥያቄ አይጠፋም። የምሠራው ከማን ሥር ነው? የመጀመሪያው ወር ላይ ከኔ ምን ትጠብቃላችሁ? የሙከራ ጊዜ አለ ወይ? ስለዚህ ስለ ሙከራ ጊዜ ላስታውሳችሁ፤ እስካሁን “45 ቀን” የሚሉ ሰዎች አሉ። እሱ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው አዋጅ ነው። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። የሥራ ቀን ነው የተባለው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ አሥር ሳምንት ይሆናል። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። የቅጥር ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገላችሁ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በደብዳቤ ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እኔ የምናገረው ስለ ግሉ ነው።

ለፎርም፣ ለምዝገባ፣ ለሥልጠና እያለ ከመቅጠሩ በፊት ብር ላኩ የሚል ሰው ሌባ ነው። በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

እንግዲህ ተቀጠራችሁ። ኢንተርቪው ላይ ያፈነን ዝምታ ሥራ ቦታም ይከተለናል። እዚያ ግን መልኩን ይቀይርና “እሺ” ይሆናል። አለቃ ሲናገር እሺ እንላለን፤ ገባን አልገባን።

አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውጭ አገር ሱፐርቫይዘሯ በጥድፊያ መጥታ፣ ለዛሬው ትዕዛዝ ላቤሉ በግራ በኩል ጎን ስፌት ላይ እንደሚገባ በእንግሊዝኛና በእጇ እያሳየች ተናገረች። ስትናገር ከልጅቷ ፊት ለፊት ቆማ ነው። የሷ ግራ የልጅቷ ቀኝ ነው። ልጅቷ እሺ አለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ክምር ሸሚዝ ጨርሳለች፤ ላቤሉ ሁሉ በቀኝ። ከሰዓት በኋላ ስፌቱ ሲፈታ ዋለ። ሱፐርቫይዘሯ “እሺ ብላኝ ነበር!” እያለች ትጮሃለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሱፐርቫይዘሯ እሺ ማለት ገብቶኛል ማለት መሰላት፤ ልጅቷ ደግሞ እሺ ያለችው አክብሮቷን ለመግለጽ ነው።

“አልገባኝም” ማለት ከከበዳችሁ፣ እኔ የማውቀው ቀላል መንገድ “አንዱን ሠርቼ ላሳይዎትና ልቀጥል?” ማለት ነው። ማንንም አያስቀይምም። ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ የተባለውን በራሳችሁ አፍ መልሱት፤ “ሪፖርቱን እስከ ሐሙስ፣ የሁለቱን ቅርንጫፍ ብቻ፣ አይደል?” ትሉና እዚያው ትጽፉታላችሁ። አለቃውም አንዳንዴ ያኔ ነው የረሳው ነገር ትዝ የሚለው።

ሥራው በተባለው ቀን የማይደርስ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐሙስ የሚፈለግ ነገር ሰኞ ላይ “አይደርስም” ከተባለ ሰው ይጨመራል ወይም ቀኑ ይገፋል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ከተባለ ግን ጠብ ነው። የሚበዛው ሰው “ይደርሳል፣ ችግር የለም” እያለ ሐሙስን ይጠብቃል፤ አንዳንዱማ ያን ቀን ስልኩን ይዘጋል።

ስለ መቅረትና ማርፈድ፤ ለቅሶ አለብን፣ ሠርግ አለብን፣ ዕድር አለብን። ይሄን የማያውቅ አለቃ የለም። አዋጁም ያውቃል፤ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሐዘኑን ሰበብ ያደረጉት ናቸው። የሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ይይዛል፤ አያቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ሠራተኛ እናውቃለን፤ አራተኛውንም ስንጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እውነተኛ ሐዘን ሲደርስበት የሚያምነው ያጣል። ደግሞ ከቀራችሁ በኋላ መልእክት አትላኩ፤ ፈረቃችሁ ከመጀመሩ በፊት ደውሉ፣ የሚተካችሁ ሰው እንዲፈለግ። አለቃችሁ ካላነሳ ለሥራ ጓደኛችሁ ተናገሩ። ሕጉ በዚህ ቀልድ የለውም፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ፣ ወይም በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ የመሰናበቻ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ሊሰናበት ይችላል።

ለሴቶቹ ለብቻው የምለው አለ፤ ወንዶቹም ስሙት። ኢንተርቪው የሚደረገው በሥራ ቦታ፣ በሥራ ሰዓት ነው። ማታ ራት እየበላን እንነጋገር፣ ሆቴል ክፍሌ ነይና ወረቀትሽን ልይልሽ የሚል ሰው የሚያስቀጥር አይደለም። አትሂዱ፤ ሥራው ይቅር። ተቀጥራችሁ ሥራ ቦታ ላይ ትንኮሳ ቢደርስባችሁም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበረ በዚያው ቀን ጻፉ። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ጾታዊ ትንኮሳ ካደረሰ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል አዋጁ ላይ ተጽፏል። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ከሥራ ስትለቁ በወጉ ልቀቁ። የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እዚህ ከተማ የተለመደው ደመወዝ የወጣ ዕለት መጥፋት ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን ሥራ እንደሠራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜና በስንት ደመወዝ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ውሉ ሳይቋረጥም ጠይቃችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ያጡ ልጆች ነበሩ። በኋላ ሌላ ቦታ ሲያመለክቱ ደብዳቤ የያዘው የመስፊያ ማሽን ኦፕሬተር “ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ” ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ የሌለው ግን ያንኑ ሁለት ዓመት እንደ ጀማሪ ነው የሚቆጠርለት። እየሠራችሁ እያለ ጠይቁ፤ ድርጅት ይዘጋል፣ ኃላፊ ይቀየራል።

ከዚህ በኋላ ከተሰብሳቢው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱን እጽፋለሁ።

አንድ ወጣት “እውነቱን ይንገሩን፤ ያለ ሰው ሥራ ይገኛል ወይ?” አለ። አዳራሹ ሳቀ። በዘመድ የሚገባበት ቦታ አለ፤ የለም ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን “ሰው” ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳትችል የሚያስገባህ ነው፤ እሱን የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛው መቻልህን የሚያውቅና ስምህን የሚጠራልህ ነው። እዚህ ብዙ አነስተኛ ድርጅት ማስታወቂያ አያወጣም፤ ባለቤቱ ሠራተኛዋን “የምታውቂው ጎበዝ ልጅ አለ?” ይላታል። ያን ጊዜ ስምህ እንዲነሳ፣ ሥራ መፈለግህን ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደምትችል ሰው ይወቅ። “ሥራ ካለ ንገረኝ” የተባለ ሰው ይረሳዋል። “የሱቅ ሂሳብ በኤክሴል መያዝ እችላለሁ” የተባለ ሰው ግን ሂሳቡ የተዘበራረቀበት ባለሱቅ ሲያገኝ ትዝ ትለዋለህ። ለተግባር ልምምድ ወይም ለኢንተርንሺፕ የወጣህበት መሥሪያ ቤት ካለም ተመልሰህ ሂድ፤ ስትሠራ ያዩህ እነሱ ናቸው።

አንዲት ልጅ ደግሞ “ኢንተርቪው ከሰጠን በኋላ መደወል ነውር ነው ወይ?” ብላ ጠየቀች። ነውር አይደለም። ከክፍሉ ከመውጣትሽ በፊት ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ ጠይቂ። እስከዚያ ቀን አትደውዪ። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ በሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ ደውዪና ስምሽን እስከ አባት፣ የተወዳደርሽበትን የሥራ መደብና ኢንተርቪው የሰጠሽበትን ቀን ንገሪያቸው፤ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ፊትሽን አያስታውስም፣ ፋይልሽን ግን ማውጣት ይችላል። ተጠባባቂ ነሽ ካሉሽ ስንተኛ ተጠባባቂ እንደሆንሽ ጠይቂ። አንደኛ ከሆንሽ ስልክሽን ክፍት አድርገሽ ሌላ ቦታም ማመልከት ቀጥዪ፤ የተመረጠው ሰው ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።